አነስና ታናሽ ወንድሙ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪክ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ዘመቻ፣ ድልና የኸሊፋዎች ስም ነው። የዛሬው ግን በአንድ የመዲና ቤት ውስጥ ስላደጉ ሁለት ወንድማማቾች ነው። አንደኛው ነፍስ ያወቀ፣ ለመላክ የደረሰ ልጅ ነው። ሌላው ገና ጡት የጣለ ነው። በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ወፍ አለች።

ወደ እነርሱ ከመሄዳችን በፊት አንድ አፍታ የራሳችንን ቤት እንይ። ትልቁ ልጅ ከመድረሳ ወይም ከትምህርት ቤት ይመለሳል። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ትንሹ ዳዴ እያለ ወይም እየተንገዳገደ መጥቶ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። ታላቅየው «እማዬ፣ ያዥልኝ!» ይላል። እናት ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና «አንተ ትልቅ አይደለህም እንዴ! አጫውተው» ትላለች። በዚህች ንግግር ውስጥ አንድ ሐሳብ ተደብቋል። ትልቁ ከትንሹ ጋር የሚጫወተው ለእኛ ሲል ነው፤ እኛ ሥራችንን እንድንጨርስ ነው። ትንሹ ይጠቀማል፣ እናት ትጠቀማለች፣ ትልቁ ጊዜውን ይሰጣል ማለት ነው። ትልቁ ራሱ ከዚህ ጨዋታ ምን ይዞ እንደሚነሳ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ለዚህ ጥያቄ የእስልምና ታሪክ ደህና ምስክር አስቀምጦልናል። ምስክሩም በልጅነቱ የታላቅ ወንድምነትን ቦታ የያዘ፣ አድጎም ያየውን ለኡማው የተናገረ አንድ ታላቅ ሶሃባ ነው።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ የአስር ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ማሊክ ኢብኑ ነድር እስልምናን አልተቀበለም፤ ቤቱን ጥሎ ወደ ሻም ሄዶ በዚያው ሞተ። እናቱ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ከመዲና ሴቶች ቀድመው ከሰለሙት ውስጥ ናቸው። በኋላ አቡ ጦልሃ ለጋብቻ ሲጠይቋቸው፣ ሰውዬው ገና አልሰለሙም ነበርና፣ ኡሙ ሱለይም መህሬ እስልምናህ ይሁን አሉ። አቡ ጦልሃም ሰለሙ፤ ተጋቡ። ከዚህ ትዳር ነው አቡ ዑመይር የተባለው ህፃን የተወለደው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አነስ የእንጀራ አባት ያለው ልጅ ነበር። ትንሹ የእናቱ ልጅ ነው፤ በአባት አይገናኙም። በእኛ አገር «የእናቴ ልጅ» የሚለው አባባል ፍቅር ያለበት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ሰዎች ነገሩ ሁልጊዜ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አዲስ የተወለደው ልጅ እናትም አባትም በቤቱ አለው። ቀድሞ የተወለደው ግን ግማሽ ቤተኛ፣ ግማሽ እንግዳ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ዩሱፍ የነገረንን አስታውሱ። የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ወንድሞች የአንድ አባት ልጆች ሆነው ሳለ የአባታቸውን ልብ ትንሹ ወሰደብን ብለው ቀኑ። እርሱን ከአባታቸው እጅ ለማውጣት ያቀረቡት ምክንያት ምን ነበር? ጨዋታ ነው። ነገ ከእኛ ጋር ይውጣ፣ ይደሰት፣ ይጫወት ነበር ያሉት። ከዚያም ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ስለዚህ ትልልቅ ልጆች ከትንሽ ጋር መዋላቸው ብቻውን መልካም ነገር አያስተምርም። ቅናት ካለበት ጨዋታም የክፋት መንገድ ይሆናል።

በአነስ ቤት ይህ ለምን አልሆነም? አንዱን ምክንያት ሐዲሱ ውስጥ እናገኘዋለን። አነስን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያገለግል ይዘውት የሄዱት በአንደኛው ዘገባ እናቱ ናቸው። ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ግን እጁን ይዘው የወሰዱት የእንጀራ አባቱ አቡ ጦልሃ ናቸው። አነስ ብልህ ልጅ ነው፣ ያገልግልዎት ብለው አስተዋወቁት። ያልወለዱትን ልጅ በታላቅ ሰው ፊት በብልህነቱ አመሰገኑት። የእንጀራ አባት ሆናችሁ ይህን የምትሰሙ ወንድሞች፣ በዚች ላይ ትንሽ ቆም በሉ። አነስ ይህን ቃል አልረሳውም፤ ለእኛ የደረሰን እርሱ ስለነገረን ነው።

አሁን ወደ ወፏ እንምጣ። አቡ ዑመይር «ኑገር» የምትባል ወፍ ነበረችው። ኑገር ድንቢጥ የምታክል፣ መንቁሯ ቀላ ያለ ትንሽ ወፍ ናት። ይጫወትባት ነበር። አንድ ቀን ሞተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚያ ቤት መግባት ያዘወትሩ ነበርና ሲመጡ ህፃኑ አዝኖ አገኙት። ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁ፤ ወፉ ሞታበት ነው አሏቸው። እሳቸውም ወደ ህፃኑ ዞረው፣ በስሙ ጠርተው፣ የወፏን ስም አሳጥረውና አቆላምጠው «ኑገይር» ብለው፣ ቤት በሚመታ አነጋገር ወፏ ምን ሆነች ሲሉ ጠየቁት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

አነስ ታሪኩን የጀመረበት መንገድ ይገርመኛል። በመጀመሪያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ በስነ ምግባር ያማሩ እንደነበሩ ይናገራል። ወዲያው አቡ ዑመይር የሚባል ወንድም ነበረኝ ብሎ የወፏን ነገር ያስከትላል። ስለ እሳቸው መልካም ስነ ምግባር ማስረጃ አምጣ ቢባል ስንት ነገር ባወራ! አሥር ዓመት ሙሉ ቤታቸው ገብቶ ወጥቷል፤ የመካ ድልን ዘመን አይቷል፤ ጠላት ሲማር አይቷል። እርሱ ግን የታናሽ ወንድሙን የሞተች ወፍ አስቀደመ።

ታላቅ ወንድም በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይላል? «ወፍ ናት እኮ! ሌላ እንይዝልሃለን» ይላል። ወይም ይስቃል። እኛም አዋቂዎቹ እንዲሁ እናደርጋለን። አነስ ግን የአላህ መልእክተኛ፣ ወሕይ የሚወርድባቸው፣ የመዲና ጉዳይ ሁሉ ትከሻቸው ላይ ያለ ሰው፣ ዝቅ ብለው ስለ ወፏ ሲጠይቁ ቆሞ አየ። የህፃን ሐዘን ትንሽ አለመሆኑን ያን ቀን ተማረ። ይህ ትምህርት የመጣው ህፃኑ በመኖሩ ነው። ህፃን በሌለበት ቤት አነስ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። ደግሞም ማንም ቁጭ አድርጎ ለህፃን እዘን ብሎ አልመከረውም። ትልቅ ሰው ለትንሽ ልጅ ሲጎነበስ ማየት በቃው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ ምን የሚያህል ነገር ነው?» ትሉ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከጥንትም ነበሩ። የሐዲስ ሊቃውንትን ሲተቹ፣ ጥቅም የሌለውን ሁሉ ያወራሉ፣ የአቡ ዑመይርን ወፍ እንኳ ሳይቀር ይዘግባሉ ይሉ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች መልስ የሰጡት በ335 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 946 ገደማ) ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ አቡል ዐባስ አሕመድ አጥ-ጠበሪ፣ በይበልጥ ኢብኑል ቃስ በመባል የሚታወቁት ናቸው። በዚህች ሐዲስ ላይ ብቻ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈው ስድሳ ያህል ቁም ነገሮችን አወጡባት። ታላቁ ሊቅ ኢብኑ ሐጀርም በፈትሑል ባሪ አሳጥረው አስቀምጠዋቸዋል። ከህፃን ጋር መቀለድ እንደሚፈቀድ፣ ታላቅ ሰው ተከታዮቹን በቤታቸው መጎብኘቱ መልካም መሆኑን፣ ህፃን ወፍ ይዞ ሊጫወት እንደሚችል አውጥተዋል። መቼም ወፏን ማሰቃየት የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ልጅ ያልወለደ ህፃን «የእገሌ አባት» ተብሎ ሊጠራ መቻሉንም ከዚሁ አግኝተዋል፤ «አቡ ዑመይር» ማለት የዑመይር አባት ማለት ነውና። እኛም ትንሹን ልጅ «አባቴ» እያልን እንጠራው የለ? ይህ ሁሉ ፊቅህ ለኡማው የደረሰው አንድ ታላቅ ወንድም የታናሹን ጨዋታ ንቆ ባለመተዉ ነው።

ነገር ግን አነስን ገና በልጅነቱ እንደ ሽማግሌ አድርገን እንዳንስለው። እርሱም ልጅ ነበር፤ መጫወት ይወድ ነበር። አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዳይ ላኩት። በልቡ ሊሄድ አስቦ ሳለ በአፉ አልሄድም ብሎ ማለ። ልጅ እንዲህ ነው! ከዚያ ወጣና መንገድ ላይ በገበያው አካባቢ የሚጫወቱ ልጆች አገኘ፤ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላው ማጅራቱን የያዘው ሰው አለ። ዞር ሲል የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) እየሳቁ ቆመዋል። ስሙን አቆላምጠው «ኡነይስ» ብለው ጠርተው፣ የላክሁህ ቦታ ሄድክ ወይ አሉት። አሁን እየሄድኩ ነው አለ። በአገልግሎት በቆየባቸው ዓመታት አንድም ጊዜ በምሬት ኡፍ እንዳላሉት፣ ላደረገው ለምን አደረግህ፣ ላላደረገው ለምን አላደረግህም እንዳላሉት በኋላ ተናግሯል።

የህፃኗን ወፍ «ኑገይር» ያለው አንደበት እና ትልቁን ልጅ «ኡነይስ» ያለው አንደበት አንድ ነው። ለሁለቱም ቁልምጫ ነበራቸው። እኛ ዘንድ የሚጎድለው ይሄ ይመስለኛል። ትንሹን «የኔ ማር» እንላለን፤ ትልቁን ግን በሙሉ ስሙ፣ ያውም በቁጣ እንጠራዋለን። ታናሽ በተወለደ ማግስት የስድስት ዓመቱ ልጅ በድንገት አዋቂ እንዲሆን ይፈረድበታል። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ስጠው»፣ «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ዝም በይ»። ያልታዘነለት ልጅ ለታናሹ እዝነትን ከየት ያመጣል? በውሰት አይገኝም።

ሌላም ቀን አነስ ከልጆች ጋር ሲጫወት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ለሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ አነስን ለጉዳይ ላኩት። ወደ ቤት ሲመለስ ዘግይቶ ስለነበር እናቱ ምን አቆየህ አሉት። ነቢዩ ልከውኝ ነው አለ። ለምን ጉዳይ? ሲሉት ምስጢር ነው አለ። ኡሙ ሱለይም ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? እናት ነኝ፣ ከእኔ ምን ይደበቃል አላሉም። እንግዲያውስ የአላህን መልእክተኛ ምስጢር ለማንም እንዳትነግር አሉት። አልነገረምም። ዓመታት አልፈው፣ የቅርብ ተማሪያቸው ለነበሩት ለሳቢት አል-ቡናኒይ፣ ለማንም የምናገረው ቢሆን ላንተ እነግርህ ነበር እስከማለት ደርሰዋል። የጨዋታ ሜዳ ላይ የተሰጠ አደራ እስከ መቃብር ተጠበቀ።

የመጠበቅ ነገር ከተነሳ ወደ ከባዱ የታሪኩ ክፍል እንግባ። የአቡ ጦልሃ ልጅ ታመመ። አቡ ጦልሃ ከቤት በወጡበት ህፃኑ ሞተ። ኢብኑ ሒባን በዘገቡት መሠረት ይህ ህፃን ያው ወፍ የነበረችው አቡ ዑመይር ነው። ኡሙ ሱለይም ለቤተሰቡ፣ እኔ ራሴ እስክነግረው ድረስ ማንም ለአቡ ጦልሃ እንዳይነግረው ብለው አዘዙ። ያን ሌሊት እንዴት በትዕግሥት እንዳሳለፉት፣ የተዋሱትን ለባለቤቱ ስለ መመለስ ምሳሌ አድርገው ለባላቸው እንዴት እንዳረዷቸው በየመስጂዱ የምትሰሙት ታሪክ ስለሆነ አልደግመውም። እኔ የማስበው ስለ ሌላው የቤቱ ሰው ነው። ታሪኩን የሚነግረን አነስ ነው። አብሮት ይጫወት የነበረው ትንሽ ልጅ ሞቶ፣ እናቱ ዝም በሉ ብለዋል። ስለ ራሱ እንባ አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለ ወፏ የነገረን ግን እርሱ ነው፤ ሰው የሚወደውን ሲያስታውስ እንዲህ ትንሿን ነገር ነው የሚያስታውሰው።

በማግስቱ አቡ ጦልሃ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን ሲያጫውቷቸው፣ በሌሊታችሁ በረካ ያድርግላችሁ ሲሉ ዱዓ አደረጉ። ኡሙ ሱለይምም ፀነሱ፤ ወንድ ልጅ ወለዱ። የተወለደው በሌሊት ነበር። እናት አነስን ጠሩት። ወደ አላህ መልእክተኛ እስክትወስደው ድረስ ማንም እንዳያጠባው አሉት። ኢማሙ አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ላይ አነስ እንዲህ ያለ ነገር ይነግረናል፦ ህፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ እርሱም በላዩ ላይ ዘንበል ብሎ እየጠበቀው አነጋ። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድም የሞተበት ወጣት በሁለተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያድር በዐይነ ህሊናችሁ ተመልከቱት።

ሲነጋ ተሸክሞት ሄደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዘካ ግመሎችን ምልክት በሚያደርጉበት ብረት ሥራ ላይ ነበሩ። አነስን ሲያዩት ኡሙ ሱለይም ወለዱ እንዴ አሉ። ብረቱን አስቀመጡ። ህፃኑን እቅፋቸው ውስጥ አኖረላቸው። የመዲና ዐጅዋ ተምር አስመጥተው፣ አኝከው አለስልሰው በህፃኑ አፍ አደረጉለት። ህፃኑ ከንፈሩን መላስ ጀመረ፤ እሳቸውም አንሷሮች ለተምር ያላቸውን ፍቅር ተመልከቱ ብለው ቀለዱ። ፊቱን ዳብሰው ዐብደላህ ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ቃል አለኝ። በእኛ አካባቢ ህፃን ማቀፍ፣ ማዘል፣ እሹሩሩ ማለት የሴት ልጅ ሥራ ሆኗል። ታላቅ እህት ገና ወገቧ ሳይጠና አንቀልባ ትታጠቃለች፤ ታላቅ ወንድም ኳስ ሜዳ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንገቱን ስልክ ላይ ደፍቷል። ኡሙ ሱለይም ጨቅላውን በእጁ የሰጡት ለወንድ ልጃቸው ነው። በመዲና መንገድ ላይ ታቅፎ የሄደው ወንድ ነው። እህቶቹ ላይ የምንጭነውን ቀንሰን ለወንዶቹ ልጆቻችን ብናካፍል፣ ነገ አባት ሲሆኑ የገዛ ልጃቸውን ማቀፍ የሚያፍሩ ሰዎች ባልሆኑ ነበር።

አነስ ይህን እዝነት በሌላ ቤትም አይቶታል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በመዲና ላይኛው ዳርቻ በአንድ አንጥረኛ ቤት ነበር የሚጠባው። የአሳዳጊው ስም አቡ ሰይፍ ይባላል። ነቢዩ ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ አነስ አብሮ ይሄድ ነበር። ቤቱ በወናፍ ጭስ ይሞላል። አነስ ፈጠን ብሎ ይቀድምና አቡ ሰይፍን፣ የአላህ መልእክተኛ መጥተዋልና ወናፉን ተው ይለዋል። እሳቸው ይገባሉ፣ ህፃኑን ይወስዳሉ፣ ይስሙታል፣ ያሸቱታል። ኢብራሂም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት አነስ እዚያው ነበር፤ ዐይኖቻቸው እንባ ሲያፈሱ አይቷል። ከእሳቸው ይበልጥ ለቤተሰቡ የሚያዝን አላየሁም ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ከአነስ ቤት ጥቂት ወጣ ብለን በዚያው በመዲና የነበሩ ሌሎች ልጆችን እንይ፤ የእኛን አገር አፈር የረገጡም ነበሩባቸውና። የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ልጅ ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር፣ ወላጆቹ በነጃሺ ጥበቃ ሥር በስደት ሳሉ ነው። ወደ መዲና የመጡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 628) ነበር። እርሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ የቤተሰቡ ልጆች ወጥተው ይቀበሏቸው ነበር። አንድ ቀን እርሱ ቀድሞ ደረሰ፤ ከፊታቸው አስቀመጡት። ቀጥሎ ከፋጢማ (ረ.ዐ) ልጆች አንዱ መጣ፤ እርሱን ከኋላቸው አፈናጠጡት። ሦስቱም በአንድ እንስሳ ላይ ሆነው መዲና ገቡ። ትልቁ በትንሹ ምክንያት ቦታውን አልተነጠቀም፤ ለሁለቱም ቦታ ነበረ። ዐብደላህ ሲያድግ በለጋስነቱ ስሙ የተጠራ ሰው ሆነ።

ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) የወለዷቸው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድም እንዲሁ ናቸው። ከሐሰን (ረ.ዐ) በአሥር ዓመት ገደማ ይበልጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንደኛው ጭናቸው ላይ ኡሳማን፣ በሌላኛው ላይ ሐሰንን አስቀምጠው፣ እኔ እንደማዝንላቸው አንተም እዘንላቸው ብለው ለሁለቱም እኩል ዱዓ እንዳደረጉላቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። አንደኛው የገዛ ልጃቸው ልጅ ነው፤ ሌላው ነፃ የወጣ ሰው ልጅ ነው። የነገረንም ታላቅየው ኡሳማ ራሳቸው ናቸው።

ሐበሻ ምድር የተወለደችዋን የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድን ልጅ ኡሙ ኻሊድንም ሳላነሳ አላልፍም። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዟት ገባ። ህፃን ናትና በጀርባቸው ባለው የነቢይነት ማኅተም መጫወት ጀመረች። አባቷ ተቆጣት። ተዋት አሉት። ጥለት ያለው ትንሽ ልብስ በመጣላቸው ጊዜም እሷን አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት፤ ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሻ ቋንቋ ያምራል ማለት ነው። ህፃኗ በለመደችው ቋንቋ አነጋገሯት። በየቤታችን ይህን የሚያውቀው ታላቁ ልጅ ነው። ትንሹ አፉ ሳይፈታ የሚለውን ለእንግዳ የሚተረጉመው፣ ለምን እንደሚያለቅስ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህን ችሎታ ያገኘው መሬት ላይ አብሮት ተቀምጦ እቃ እቃ በመጫወቱ ነው። በኋላ መድረሳ ውስጥ ለአዲስ ገቢው ልጅ ሳይቆጣ አሊፍ፣ ባ የሚያስይዝ ደረሳ ከእንዲህ ያለ ልጅ ነው የሚወጣው።

አነስ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያርፉ ሃያ ዓመታቸው ነበር። ወደ በስራ ሄደው ተቀመጡ፤ በ93 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 712 ገደማ) ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው እንዳረፉ ይነገራል። ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ በላይ ሐዲሶች ከእሳቸው ተላልፈዋል። ያ ሌሊቱን ሙሉ ዘንበል ብለው የጠበቁት ጨቅላ፣ ዐብደላህ፣ አድጎ ወለደ፤ ከአንሷሮች አንዱ ዘጠኝ ልጆቹን አይቻለሁ፣ ሁሉም ቁርአን ቀርተዋል ብሎ መናገሩን ቡኻሪ ጽፈዋል። ከዐብደላህ ልጆች አንዱ ኢስሐቅ ከአጎቱ ከአነስ ሐዲስ ተማረ። ከኢስሐቅ ደግሞ የመዲናው ኢማም ማሊክ ተቀበሉ፤ በሙወጠእ ውስጥም አስፍረዋል። አልሄድም ብሎ ምሎ፣ ገበያ ዳር ከልጆች ጋር ቆሞ ማጅራቱን ስለተያዘው ልጅ የነገርኳችሁን ታሪክም በሰሒሕ ሙስሊም ያስተላለፈው ይኸው ኢስሐቅ ነው። ሽማግሌው አጎት የልጅነት ጥፋቱን ለታናሽ ወንድሙ ልጅ ሳያፍር ነገረው ማለት ነው።

በበስራ መንገድ ላይ አነስ ከተማሪያቸው ከሳቢት ጋር ሲሄዱ ልጆች ሲጫወቱ አገኙ። ሽማግሌው ቆመው ሰላም አሏቸው። ከዚያም ለሳቢት፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ስሄድ ልጆች ስናገኝ እሳቸው ሰላም ሲሏቸው አይቻለሁ አሉት። ዓመታት አለፉ። ሳቢት ራሳቸው ከሰይያር ጋር ሲሄዱ ልጆች አገኙ፤ ቆመው ሰላም አሏቸው፤ ለሰይያርም ከአነስ ጋር ሆነው ያዩትን ነገሩት።